የማን በር ነው?

«ነይ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ፤» አለ አባቷ ስልኩን በክርኑ ወደ እሷ እየገፋ። ጣቶቹ ከቁልፍ መቅረጫው በወጣ የነሐስ ብናኝ ቢጫ ስለሆኑ መስታወቱን መንካት አልፈለገም።

ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ተነሣች። ቀኑ የወሩ አሥራ ሰባተኛ መሆኑን ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። ፊቷን ስትታጠብም፣ ክፍል ውስጥ ስትማርም፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ ስትመጣም የአባቷን ስልክ ስታስብ ነው የዋለችው። መልእክቱን ከፈተችው። ከባንክ ነው። ከሂሳብዎ ይህን ያህል ተቀንሷል ይላል፤ ከሥሩ በባዕድ ፊደል የተጻፈ የድርጅት ስም አለ።

«ምን ይላል?»

«ማስታወቂያ ነው አባዬ። የኢንተርኔት ጥቅል ግዙ ነው የሚሉት።»

«እነዚህ ሰዎች ደግሞ አይሰለቻቸውም፤» አለና ወደ ማሽኑ ዞረ።

መልእክቱን አጠፋችው። ይህ አምስተኛው ነው። የመጀመሪያውን ስታጠፋ አባቷ እንዳያያት ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ሁለተኛው ላይ «በቃ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለች ለራሷ፤ ሦስተኛውም አራተኛውም ላይ እንደዚያው። ራስን የማታለል ፈተና ቢኖር ኖሮ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሳይንስ የቤት ሥራ ነው። መምህራቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለ ውሃ ዑደት አጭር ቪዲዮ እንዲሠሩ አዘዘ። ጓደኛዋ፣ ድምፅዋ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር ስለሚሰማ ክፍሉ በሙሉ ፊሽካ የሚላት ልጅ፣ አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ አገኘች። «ሰባት ቀን በነፃ ነው ባክሽ፤» አለቻት። «ካርድ ቁጥር ይጠይቃል እንጂ ምንም አይቆርጥም። በስድስተኛው ቀን አፑን ታጠፊዋለሽ፣ አለቀ ደቀቀ።» ፊሽካ ቤት የባንክ ካርድ ያለው ሰው የለም። የልጅቷ አባት ካርድ ግን የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቁጥሩን በወረቀት ገለበጠች። ባንኩ ወደ አባቷ ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ሲልክና አባቷ እንደ ልማዱ «አንብቢልኝ» ሲላት፣ ለራሷ አነበበችና ለእሱ ሌላ ነገር ነገረችው። የመጀመሪያው ውሸት ያ ነበር።

ቪዲዮው ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አባቷ ስልኩ ላይ አስጭኖት፣ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ለመጣ ሁሉ «የልጄ ሥራ ነው፤ ደመናው እንዴት እንደሚሞላ እዩልኝማ» እያለ ያሳያል። እሷ በስድስተኛው ቀን አፑን አጠፋችው። በማግስቱ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ የባንኩ የመጀመሪያ መልእክት ገባ።

ሱቁ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ነው። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንኳኳል፤ ረጅም ደንበኛ ሲገባ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ግድግዳው ላይ ገና ጥርስ ያልተቀረጸላቸው ጥሬ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መዝገብ አለ። አባቷ ያለዚህ መዝገብ አንድ ቁልፍ እንኳ ቀርጾ አያውቅም። ቁልፍ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የማን በር ነው?» ይላል። ከዚያ ቀኑ፣ ቁልፉን ያመጣው ሰው ስም፣ የበሩ ባለቤትና ፊርማ ይመዘገባል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ተናዶ ሦስት ሱቅ አልፎ ያለው ቀራጭ ጋ ይሄዳል። አባቷ ግን ወይ ፍንክች።

መዝገቡን የምትጽፈው ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እሷ ናት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ የእሱ ዓይን ደግሞ ለቅርብ ደክሟል። መነጽር አለው፣ ግን የደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚኖረው። «ልጄ እያለች መነጽር ምን ያደርግልኛል» ይላል። የሱቁ ትርፍ ቁልፍም በክር ታስሮ ያለው በእሷ አንገት ላይ ነው። አባቷ ያንን ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ ለገዛ ወንድሙም ቢሆን።

ስለዚህ የምትፈራው ዱላ አልነበረም። መትቷት አያውቅም። የምትፈራው እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን መልሺልኝ» የሚልበትን ቀን ነው።

አምስተኛው መልእክት በገባ ማግስት ከሰዓት አባቷ ሱቁን ለእሷ ትቶ ጥሬ ቁልፍ ሊገዛ አከፋፋዩ ጋ ሄደ። ሲመለስ ቦርሳው ባዶ ነበር። ቦርሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ካርዱ አልሠራም፤» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት የክፍያ ማሽኑ በቂ ሂሳብ የለም ብሎ ወረቀት ተፋ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሁለቴ ሞከረችው። ሦስተኛውን እኔው ራሴ ተዪው አልኳት።»

«ምናልባት ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል፤» አለች። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ባንኩ ጋ ደወልኩ። በየወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከሂሳቤ ገንዘብ ይወጣል አሉኝ። አምስት ወር ሙሉ። በዚህ ወር ደግሞ እጥፍ ሆኗል። መልእክት ልከንልዎታል ይላሉ። መልእክት መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ግን የጥርጣሬ ዓይን አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው የሚያነብለትን ሰው መጠየቁ ነው። ይህ ከሁሉ ባሰባት።

«አላየሁም፤» አለች።

«አምስት ወር፤» አለ እንደገና፣ ለራሱ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አጎትሽ እኛ ጋ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

ክው አለች። አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ የሠራተኛ ማመላለሻ ሾፌር ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራም ቤትም አጥቶ እነሱ ጋ ከገባ ስድስተኛ ወሩ ነው። እናቷ የታመመች እህቷን ልታስታምም ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ቤቱን የያዘው እሱ ነው።

«ወገቤን አሞኝ የተኛሁ ጊዜ ካርዱን ከነምሥጢር ቁጥሩ ሰጥቼው ነበር፤» አለ አባቷ። «አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ይበቃል ለካ።»

«አባዬ፣ አጎቴ እንደዚያ አያደርግም።»

«እኔም አያደርግም ብዬ ነው የሰጠሁት።» ባዶውን ቦርሳ አጣጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ቅዳሜ ባንክ ሄጄ አጣራለሁ። እሱ ከሆነ በዚያው ቀን ዕቃውን ይዞ ይወጣል። እናቴ የወለደችው ወንድሜ ነው ብዬ አልምረውም።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አፏን ከፈተች። በዚህ መሃል አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ገቡ። ልጅቷ በውስጧ እፎይ አለች፣ ወዲያውም እፎይ በማለቷ አፈረች።

«ደህና ዋሉ። የማን በር ነው?» አለ አባቷ።

«የራሴው ነው ልጄ፤ ግን የራሴ መሆኑን መጠራጠር ጀምሬያለሁ፤» አሉ ሴትዮዋ። «ተከራዬን ካስወጣሁት ወር አለፈው። ቁልፉን ተቀብዬ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት፣ እንዳላየው ብዬ። አሁን ቤቱን በከፈትኩ ቁጥር ዕቃው ቦታውን ለቆ ነው የማገኘው። ትናንትና ወንበሩ የለም።»

አባቷ ሳይወድ ፈገግ አለ። «እማማ፣ የጣሉት እኮ እርስዎ እጅ ያለውን ነው። እሱ ጋ ቅጂ ካለ እርስዎ ጣሉት አልጣሉት ምን ይጎድልበታል? በሩ አሁንም ያውቀዋል። መጀመሪያ ሄደው ቅጂዬን መልስ ይበሉት። እንቢ ካለ እኔ መጥቼ ሲሊንደሩን፣ ይሄን ቁልፉ የሚገባበትን ሆዱን፣ እቀይርልዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቅጂውን ለጌጥ ያንጠልጥለው።»

ልጅቷ መዝገቡን ከፍታ ስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ስለ ሴትዮዋ በር ነው የሚያወራው፤ እሷ ግን የሰማችው ስለ ራሷ ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋቷ ቁልፉን ቆሻሻ ውስጥ እንደመወርወር ነበር። የካርዱ ቁጥር አሁንም እነዚያ ሰዎች ጋ ነው። በሚመጣውም ወር ይገባሉ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ማንም ሄዶ መልሱ አላላቸውም። ሊላቸው የሚችለው ሰው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ መግባታቸውን የሚያውቅ ሌላ የለማ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ሱቁ ሮጠች። እናቷ ያወረሰቻት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ የራሷ ስልክ አላት። ከማሽኑ ኋላ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የድርጅቱን ገጽ ከፈተች። ለመግባት አንድ ቁልፍ መንካት በቅቶ ነበር፤ ለመውጣት ግን መንገዱ አያልቅም። «በእርግጥ ልትለዪን ነው?» ይላል አንዱ ገጽ፣ ከሚያለቅስ ፊት ጋር። አዎ አለች። «ለሦስት ወር በግማሽ ዋጋ ብንቀጥልስ?» አይ አለች። «ምን አስቀየመሽ?» አባቴ አጎቴን ሊያባርረው ነው የሚል ምርጫ አልነበረም። መጨረሻ ላይ፣ ለዓይን በሚያስቸግሩ ደቃቅ ግራጫ ፊደላት፣ «ደንበኝነቴ ይቋረጥ» የሚል አገኘች። ነካችው።

አዲስ ገጽ ተከፈተ። ወደተመዘገበው ስልክ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ልከናል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስገቡ ይላል።

የተመዘገበው ስልክ የአባቷ ነው፤ ካርዱን ስታስገባ የሰጠችው የእሱን ቁጥር ነበር። ስልኩ ደግሞ የደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

በዚያው ቅጽበት አጎቷ ደረጃው ሥር ብቅ አለ። በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የእሷን ሹራብ ይዟል። «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ይቺ ልጅ ደግሞ ስትታመም ማስታመሙ እኔው ላይ ነው፤» አለና ሹራቡን ራሷ ላይ ጣለው። አባቷ ቀና ብሎም አላየውም። አጎቷ ስልኩን እየነካካ ወጣ።

የአባቷ ደረት ኪስ ጢው አለ።

ማሽኑን አቆመ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ስልኩን አወጣና ክንዱ እስከቻለው ድረስ አርቆ ያዘው። በዚህች ቀን «አንብቢልኝ» አላለም።

«አራት…» አለ ዓይኑን አጥብቦ። «ዜሮ… ዘጠኝ… ሁለት…»

እሷ ከማሽኑ ኋላ በሹራቡ ተሸፍና አራቱንም አስገባች። ጣቷ በላብ ርሶ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ሁለት ቁጥር ብቻ ቀርቷል። ሰዓቱ ሃምሳ ሰከንድ ይላል፤ አርባ ዘጠኝ፤ አርባ ስምንት።

አባቷ ግን ቁጥሩን አቋርጦ ዓይኑን ወደ ታችኛው መስመር አወረደ። «ለማንም… አይስጡ ይላል።» ቀና ብሎ ደረጃውን አየ። አጎቷ የወጣበትን ደረጃ። «አሁን እዚህ ነበር። ስልኩን እየነካካ ነው የወጣው።»

«አባዬ…»

«አንቺ አይመለከትሽም፤ የትልቅ ሰው ነገር ነው።» ስልኩን አጠፋና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ሁለቱ ደቂቃ አለቀ። የስልኳ ገጽ «ጊዜው አልፏል፤ አብረሽን ስለቀጠልሽ ደስ ብሎናል» አላት። ሹራቡን አገጯ ድረስ ሳበችው፤ ብርዱ ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ልታስተካክለው ስትሞክር አጎቷን ጭራሽ ገደል አፋፍ አድርሳዋለች።

ዓርብ ማታ አጎቷ ሳሎን ውስጥ የትምህርት ቤት ሸሚዟን ይተኩሳል። ካውያውን ሲገፋ አንድ እጁ መሪ የያዘ ይመስላል፤ ኮሌታው ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይታጠፋል።

«ሸሚዝ መተኮስ ደስ ይላል፤» አለ። «እንደ ቀጣሪዎቹ ስንት ዓመት ልምድ አለህ አይልም። ዝም ብሎ ይተኛልሻል።»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። አባቷ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ራት ላይ «ነገ ባንክ እሄዳለሁ» ሲል፣ አጎቷ «ወገብህን እንዳያምህ አብሬህ ልሂድ?» ብሎ ነበር፤ «ልጄ ትበቃኛለች» የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘው።

አጎቷ ካውያውን አቁሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ዓይኔን ካየ ሦስት ቀኑ። ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ? የሰማሽው ካለ ንገሪኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ጥፋቴን ልወቀው።»

አሁን መናገር ትችላለች። እሱ እኮ አይቆጣም። ምናልባት ስቆ «ወይ አንቺ ጉደኛ» ይላት ይሆናል። ከዚያ ግን አብረው ወደዚያ የተዘጋ በር መሄድ አለባቸው። በሩን አየችው።

«ምንም አልሰማሁም፤» አለች።

«እሺ።» ሸሚዙን በማንጠልጠያ ሰቀለላት። «ለማንኛውም ለጥቂት ቀን ጓደኛዬ ጋ ልሂድ መሰለኝ። ሰው ቤት ስትከብጂ ይታወቅሻል።»

ያኔ ነው ከሶፋው ጎን ዚፑ ተዘግቶ የቆመውን ሻንጣ ያየችው። የወንድሙን ቤት የሰው ቤት ማለቱ አንጀቷን በላው። በዚያች ደቂቃ ራሷን ጠላች፤ ግን ፍርሃቱ አሁንም ከጥላቻው ይበልጥ ነበር። ሸሚዙን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ባንኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወረፋ ቁጥር ወስደው ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር የእነሱ እንዳይደርስ በልቧ ትለምን ነበር። ደረሰ።

ሠራተኛዋ ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም ግማሹ የለቀቀ ወጣት ሴት ናት። የአባትየውን ካርድ ተቀብላ የኮምፒውተሯን ማያ አየች። «ይሄ የወር ደንበኝነት ነው፤ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ራሱ የሚቆርጥ። መጀመሪያ በቅናሽ ያስገባሉ፣ በኋላ ዋጋውን ወደ ሙሉው ይመልሱታል። ለዚህ ነው በዚህ ወር የጨመረው።»

«እኔ ደንበኛ አልሆንኩም፤» አለ አባቷ። «ምን እንደሚሸጡም አላውቅም።»

«የካርዱ ቁጥር ተሰጥቷል። ወደ ስልክዎ የላክነው የማረጋገጫ ቁጥርም ገብቷል። ካርዱንም ስልኩንም የሚያገኝ ሰው ነው ያደረገው።» ሠራተኛዋ ወደ ልጅቷ አየት አደረገች፤ ለአንድ አፍታ ብቻ።

«አውቃለሁ፤ የቤት ሰው ነው፤» አለ አባቷ። ልጁ ጎኑ ተቀምጣ ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለም። ካርዱንም ስልኩንም በየቀኑ የምትይዘው እሷ ናት፤ ይህን ግን ሊያስበው አልቻለም።

ሠራተኛዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። «በማንኛውም መንገድ ይህን ካርድ ዛሬ ዘግተን አዲስ እንሰጥዎታለን። ክፍያውን በተመለከተ ግን፣ ከቤተሰብ አንዱ ሳያውቅ ያደረገው ከሆነ ድርጅቱ ደንበኝነቱን እንዲያቋርጥ እንጽፋለን፣ የመጨረሻውን ወር እንዲመልስም እንጠይቃለን። ያለፉትን ላይመልስ ይችላል። አይ፣ ሰርቆኝ ነው ካሉ ደግሞ ይሄኛውን ቅጽ ይሞላሉ። የተጠረጠረው ሰው ስም ይጻፋል፣ አንድ ቅጂ ለፖሊስ ይሄዳል።»

«ሁለተኛውን ስጪኝ፤» አለ አባቷ።

ወረቀቱን ሳያየው ወደ ልጁ ገፋው። «ጻፊ። ያንቺ ጽሕፈት ይነበባል።»

ጻፈች። ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ካርዱ የወጣበት ቀን። ክፍያዎቹ የተፈጸሙባቸው ቀናት ጋ ስትደርስ ሠራተኛዋ እስክትነግራት አልጠበቀችም፤ አምስቱንም አሥራ ሰባቶች በቃሏ አሰፈረቻቸው። ከዚያ ሰባተኛው ጥያቄ መጣ። «በካርዱ የተጠቀመውን ሰው ያውቁታል? የሚያውቁት ከሆነ ስምና ዝምድና ይጻፍ።»

«ሰባተኛው ስም ይላል፤» አለች። ድምፅዋ ለመሰማት ያህል ብቻ ነበር።

አባቷ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። «የአጎትሽን ጻፊ። ዝምድና የሚለው ላይ ወንድም በይ።» ወንድም ሲል ድምፁ ተሰበረ። አባቷ ሊያለቅስ ሲደርስ አይታ አታውቅም፤ ይህም ከነበረባት ፍርሃት ሁሉ የተለየ አዲስ ፍርሃት ለቀቀባት።

ክፍት ቦታውን አየችው። ስፋቱ እንደ መዝገቡ መስመር ነው። ባለፉት አራት ዓመታት በዚያ መዝገብ ላይ የስንት ሰው ስም ጽፋለች፤ ቁልፉን ያመጣው ማን ነው፣ በሩስ የማን ነው እያለች። አንድም ጊዜ የውሸት ስም ጽፋ አታውቅም። ሊዋሽ የመጣ ደንበኛ እንኳ ሲያጋጥም ስክሪብቶዋን አስቀምጣ አባቷን ነበር የምታየው። አጎቷ አሁን ቤት ነው፤ ምናልባት ሻንጣውን በር አድርሶታል።

ጎንበስ አለችና መዝገቡ ላይ በምትጽፍበት ያማረ ጽሕፈት፣ ፊደሉ ትንሽ ቢንሻፈፍም፣ የራሷን ስም ጻፈች። ዝምድና የሚለው ላይ «ልጅ» አለች።

ክሩን ከአንገቷ አውልቃ የሱቁን ቁልፍ በግራ መዳፏ ጨበጠችው። ቢጠይቃት ልትሰጠው። ወረቀቱን ወደ አባቷ አዞረችው። ሠራተኛዋ ከወዲያ ማዶ አንብባው ኖሮ፣ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ማያዋ መለሰች።

«ጨረስሽ? የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለ አባቷ ስክሪብቶውን ለመቀበል እጁን እየዘረጋ።

«አባዬ፣ ከመፈረምህ በፊት መነጽርህን አድርግ፤» አለች። «ይሄን እኔ አላነብልህም። ራስህ አንብበው።»

ገርሞት አያት። ከዚያ ከደረት ኪሱ መነጽሩን አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና አደረገው። ነሐስ የቀባውን ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ አልሳበችውም። ጣቱ ሰባተኛው ጥያቄ ጋ እስኪደርስ ከጎኑ ቁጭ ብላ ጠበቀች።